ማስተርስ በሒሳብ፣ ማይነር በትምህርት አስተዳደር፦ እዚህ አገር ይሠራል ወይ?

መምህርት ከካራ

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ 9ኛና 10ኛ ክፍል፣ ትምህርት ቤቱ ከካራ ወደ ለገጣፎ መውጫው ላይ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ በሒሳብ፣ ፒጂዲቲ (የመምህርነት የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ) ጨርሻለሁ፣ አገልግሎት 7 ዓመት።

ያሰብኩት ማስተርሱን በሒሳብ ይዤ ትምህርት አስተዳደርን እንደ ማይነር፣ ማለትም እንደ ንዑስ ትምህርት፣ መጨመር ነው። ውጭ አገር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በድህረ ምረቃ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሰጡ አይቻለሁ። ከሒሳብ ሳልርቅ ለምክትል ርዕሰ መምህርነት መወዳደር ነው የምፈልገው። እዚህ ይቻላል? ከተቻለስ ለውድድር ይያዝልኛል? ካልተቻለ ደግሞ ሥራ ሳላቆም 6 ኪሎ (አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ይሻለኛል ወይስ ኮተቤ? ከአሁኑ የማዘጋጀው ሰነድ ካለም ንገሩኝ።

ዕቅድና በጀት

እህቴ፣ እዚህ አገር ማስተርስ ላይ ማይነር ብሎ መዝግቦ መስጠት የተለመደ አይደለም። ቃሉን የምናውቀው ከቀድሞው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ መምህራን አንዱን ትምህርት ሜጀር፣ ሌላውን ማይነር እያደረጉ ይመረቁ ነበር። ድህረ ምረቃ ላይ የምትገቢው አንድ ትምህርት ክፍል ነው፣ የምትማሪውም ያ ክፍል ያጸደቀውን ካሪኩለም ነው። የኢሌክቲቭ፣ ማለትም የምርጫ ኮርስ፣ ቦታ ካለና የሁለቱም ክፍሎች ኃላፊዎች ከፈረሙልሽ ከሌላ ክፍል አንድ ኮርስ ልትወስጂ ትችያለሽ። ትራንስክሪፕት ላይ ግን የኮርሱ ስም ብቻ ይወጣል። የሰው ሀብት ሠራተኛው የሚያየው የዲግሪውን ስም ነው፤ ወርዶ የኮርስ ዝርዝር አያነብም።

ስለዚህ ወይ ሙሉ ማስተርስ በትምህርት አመራር፣ ወይ ማስተርስ በሒሳብ ይዘሽ በኋላ የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ በትምህርት ቤት አመራር፣ ማለትም ፒጂዲኤስኤል፣ መጨመር ነው። ሁለተኛው ለአንቺ ሐሳብ ቅርብ ነው፤ የተሠራውም በሌላ ትምህርት ተመርቀው ወደ አመራር ለሚመጡ ነው። ግን ፒጂዲኤስኤል ማስተርስ አይደለም፤ ማስታወቂያው «ሁለተኛ ዲግሪ በትምህርት አመራር» ካለ በዲፕሎማ አትሞግቺም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ትምህርት አስተዳደር ሲባል ስለ መሪ ጠባይና ስለ ራዕይ የሚወራበት ይመስለዋል። ያም አለ፣ ግማሹን እንቅልፍ ይወስደዋል። ሥራ ላይ የሚጠቅመው ዕቅድ፣ ፋይናንስና የማስተማር ሱፐርቪዥን ነው። ዕቅድ ላይ የሚሠራ አንድ ስሌት ላሳይሽ፤ ለሒሳብ ሰው ቀላል ነው፣ ግን ስንቱን ያሳስታል።

ትምህርት ቤቱ 26 ሴክሽን አለው እንበል፤ ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ። 26 ሲባዛ በ5፣ 130 ክፍለ ጊዜ። አንድ መምህር በሳምንት 20 ቢይዝ 6.5 ይመጣል፤ ግማሽ መምህር ስለሌለ 7። 25 ቢይዝ 5.2፤ ይሄም 6 ነው፣ 5 አይደለም። ስህተቱ የሚመጣው 5.2ን ወደታች አጠጋግቶ 5 መምህር መጠየቅ ላይ ነው። የቀሩት 5 ክፍለ ጊዜዎች አንድ ሙሉ ሴክሽን ናቸው፤ መስከረም ላይ ያ ሴክሽን ሒሳብ የሚያስተምረው ያጣል። በእናንተ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኮንዶሚኒየም ሲተላለፍ በዓመቱ አጋማሽ ተማሪ ይገባል፤ አንድ ክፍል 70 ደርሶ ሲከፈል ሴክሽኑ 27 ይሆናል፣ ሒሳብ ብቻውን 5 ክፍለ ጊዜ ይጨምራል፣ የመምህር ጥያቄው ግን ግንቦት ላይ ተልኮ አልቋል። ጥሩ ዕቅድ አውጪ የሴክሽን ትንበያውን ከሰፈሩ የቤት ርክክብ ጋር አያይዞ ነው የሚሠራው፤ በአምናው ላይ መቶኛ ጨምሮ አይልክም።

ሱፐርቫይዘር ነኝ

መምህርት፣ ስለ ውድድሩ እኔ ልመልስልዎ።

መጀመሪያ ትምህርት ቤትዎ የማን እንደሆነ ለይተው ይወቁ። ቀልድ አይደለም። ከካራ ትንሽ አለፍ ሲሉ የሸገር ከተማ ነው፤ ያ በኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ሥር ነው። ከዚህ ወዲህ ያለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ሥር ነው። የመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ቢሮ፣ ሁለት የውድድር መመሪያ፣ ሁለት የሥራ ቋንቋ ነው። የትምህርት ድጋፍ ደብዳቤ ከአንዱ ይዞ ሌላው ጋ መወዳደር አይሄድም፤ ዝውውር ራሱን የቻለ ጣጣ አለው።

ማስታወቂያ ሲወጣ የሚታየው የትምህርት ዝግጅት፣ አገልግሎት፣ የሥራ አፈጻጸም፣ ከዚያ የጽሑፍና የቃል ፈተና ነው። የትምህርት ዝግጅቱ ላይ «ወይም ተመሳሳይ» የሚል ሐረግ ካለ መተማመኛ አድርገው አይያዙት። ምን ተመሳሳይ እንደሆነ የሚወስነው ያን ዕለት ወንበር ላይ የተቀመጠው ኮሚቴ ነው።

ከመመዝገብዎ በፊት ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሰው ሀብት ክፍል ደብዳቤ ይጻፉ። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ በዚህ ስም የተሰየመ ዲግሪ ለምክትል ርዕሰ መምህርነት ያወዳድራል ወይ፤ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ብመረቅስ ለደረጃና ለደመወዝ ይያዛል ወይ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የሒሳብ መምህር ሆኖ በአመራር ተመርቆ ክፍል ውስጥ የቀረ ሰው ዲግሪው «ከተመደቡበት ሥራ ጋር አይገናኝም» ሲባል የሚከራከርበት ወረቀት ያስፈልገዋል። መልሱን በቁጥርና በማኅተም ይቀበሉ፤ ቅጂው ከግል ማኅደርዎ ይያያዝ። በቃል «ችግር የለም» ያለዎት ሰው በዓመቱ ሌላ ቢሮ ይሆናል።

ፈተናው ላይ ስለ ኢንስፔክሽን፣ ማለትም ትምህርት ቤቶች በደረጃ ስለሚመዘኑበት አሠራር፣ ሳይጠየቅ አይታለፍም። ማዕቀፉ 26 ስታንዳርዶች አሉት፤ በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት የተከፈሉ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባል። ቁጥሩን መሸምደድ አይበቃም። ወንበርና ላቦራቶሪ ሞልቶ ደረጃ 2 ላይ የተቀመጠ ትምህርት ቤት ለምን እንደዚያ ሆነ ቢባሉ፣ ሚዛኑ ወደ ሂደትና ወደ ውጤት እንደሚያደላ ማስረዳት መቻል አለብዎ። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራሙን አራት መስኮችም ይያዙ፦ መማር ማስተማር፣ አመራርና አስተዳደር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። የወተመህ አሠራርም ይመጣል፤ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር በአንድ ኅብረት ተቀምጠው ምን ይወስናሉ፣ ምን አይወስኑም የሚለው።

ማዶ

ውጭ አገር አይተሽው ስለነበረው ማይነር ባጭሩ። አሜሪካ ያለው የድህረ ምረቃ ማይነር ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ክሬዲት ነው፤ ሦስት ወይም አራት ኮርስ ማለት ነው። ዋናው ትምህርት ክፍልሽም ማይነሩን የሚሰጠውም መፈረም አለባቸው። ቴሲስ ካለ ብዙ ቦታ ከማይነሩ ክፍል አንድ ፕሮፌሰር ኮሚቴሽ ውስጥ እንዲገባ ይጠይቃሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ኮርሶቹን ወስዶ ይጨርስና ቅጹን የሚያስገባው መመረቂያው ሲደርስ ነው። ኮሚቴው ከተዋቀረ በኋላ ሰው መጨመር አስቸጋሪ ስለሆነ ማይነሩ ሳይመዘገብ ይቀራል።

ደግሞ እዚያም ቢሆን ማይነር ርዕሰ መምህር አያደርግም። የርዕሰ መምህር ፈቃድ የሚሰጠው ግዛቱ ነው፤ ራሱን የቻለ ፕሮግራምና ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሠራ የተግባር ልምምድ ይፈልጋል። ማይነር የሚጠቅመው የሒሳብ ትምህርት ዶክትሬት ለሚሠራና ስለ ትምህርት ፖሊሲ መጻፍ ለሚፈልግ ነው። ከኮርሶቹ አንዱ የትምህርት ቤት ሕግ ነው፤ የአሜሪካን ፍርድ ቤት ውሳኔ ለካራ ወላጆች ኮሚቴ ምን ታደርጊዋለሽ?

ካራ ሆነሽ ኦንላይን ልማር ካልሽ ዶላሩን ከማሰብሽ በፊት ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄደሽ በኦንላይን የተገኘ የውጭ ዲግሪ አቻ ግምት ይሰጠዋል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ሰባተኛ ረድፍ

ከላይ ያሉት ዋናውን ብለውታል። እኔ በ«ዕቅድና በጀት» ሐሳብ አንድ ቦታ አልስማማም። ሒሳብ ላይ ማስተርስ ይዞ በኋላ ዲፕሎማ መጨመር በወረቀት ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን የሒሳብ ማስተርስ በማታና በቅዳሜ የሚገፋ አይደለም። ሪያል አናሊሲስ የሚባለው የሒሳብ ኮርስ በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ለመጣ ሰው አይራራም። ሥራ ሳታቆሚ ከሆነ በቀጥታ ትምህርት አመራር ግቢ።

6 ኪሎ ወይስ ኮተቤ ላልሽው፣ ከፍ ብሎ ከሚጠራው ስም ይልቅ መንገዱን አስቢ። የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ከካራ ወደ መገናኛ ስትወርጂ መንገድሽ ላይ ነው፤ አንድ ታክሲ። 6 ኪሎ ማለት መገናኛ ወርደሽ ሌላ መያዝ ነው። ሲመለሱ ደግሞ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ከክፍል ወጥቶ መገናኛ ላይ የካራ ሰልፍ መያዝ አለ። የማታ ትምህርት በሳምንት 4 ቀን ቢሆን ይሄ ሰልፍ ከማንኛውም ኮርስ በላይ ነው የሚያደክመው። በሌላ በኩል ትምህርት ዕቅድና ሥራ አመራር 6 ኪሎ የቆየ ክፍል ነው፤ አማካሪም ቤተ መጻሕፍትም ይሰፋል። ኮርሱን ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥ ከሆነ 6 ኪሎ፣ በማታ ከሆነ ኮተቤ ብዬ እመክራለሁ። በአንዱ ሳትወሰኚ የሁለቱንም የዘመኑን ማስታወቂያ አንብቢ፤ የሚከፈተው ፕሮግራም ከዓመት ዓመት ይለያያል።

በየመንደሩ የተከፈቱትን የግል ኮሌጅ ቅርንጫፎች በተመለከተ፣ ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም፣ በእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። ዋናው ካምፓስ በትምህርት አመራር ማስተርስ ዕውቅና አለው ማለት ሰፈርሽ ያለው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም። የርቀት ፈቃድም ከመደበኛው የተለየ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ስታነቢ የፕሮግራሙን ስም፣ የካምፓሱን ስምና የሚያበቃበትን ቀን እዪ፤ ከዚያ ባለሥልጣኑ ጋ አረጋግጪ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው፣ ጋት የምንለው፣ አለ። የቁጥሩ ክፍል ለአንቺ ቀላል ነው። የሒሳብ ሰው ነጥብ የሚጥለው በእንግሊዝኛው ንባብ ነው፤ ረጅሙን ምንባብ ሙሉ ለማንበብ ሲታገል ሰዓቱ ያልቃል። ጥያቄውን አስቀድመሽ አንብበሽ ወደ ምንባቡ የመመለስ ልምምድ አድርጊ።

ከገባሽ በኋላ ለመመረቅ አማካይ ውጤትሽ (ጂፒኤ) 3.00 መሆን አለበት። ማስተርስ ላይ B ማለት አማካይ ሳይሆን ወለል ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ አንድ C ብታመጪ፣ ያን ጉድጓድ ለመሙላት በሌላ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ሙሉ A ያስፈልግሻል። C+ ከሆነ አንድ B+ ይበቃል። አብዛኛው ሰው የሚንሸራተተው ስታቲስቲክስ ላይ ነው፣ አንቺ እዚያ ትርፍ ታከማቺያለሽ።

ቴሲሱ ላይ ግን ቆም በይ። ትምህርት አመራር ውስጥ የተማሪ መቀበሪያው ቴሲስ ነው። «የርዕሰ መምህራን የአመራር ዘይቤ እና የመምህራን የሥራ እርካታ» የሚለው ርዕስ በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ሞልቷል፤ አማካሪሽ ገና ርዕሱን ሲያይ ያዛጋል። አንቺ ያለሽበት ጫፍ ግን ያልተነካ ነገር አለው፦ በፈረቃ የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች፣ በዓመት አጋማሽ የሚገቡ ተማሪዎች፣ የሁለት ቢሮ ድንበር ላይ ያለ የጉድኝት ማዕከል (ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች አብረው የሚሠሩበት)።

ናሙናው እንዲህ ነው። 8 ትምህርት ቤት፣ 320 መምህራን ይዘሽ በተለመደው የያማኔ ቀመር በ5 በመቶ ስህተት ብታሰይ፦ 320 ሲካፈል ለ(1 ሲደመር 320 ጊዜ 0.0025)፤ 0.0025 ማለት 0.05 በራሱ ሲባዛ ነው። ታችኛው 1.8 ይሆናል፣ ውጤቱ 177.8፣ ማለትም 178 መምህር። ለየትምህርት ቤቱ በድርሻ ታከፋፍያለሽ፤ 52 መምህር ያለው 29 ይደርሰዋል። ሁሉም ወረቀት አይመለስምና ከ178 ይልቅ 195 ያህል አባዢ።

መጠይቁን በእንግሊዝኛ ብቻ አትበትኚ። አዲስ አበባ ውስጥ አማርኛ፣ ሸገር ከገባሽ አፋን ኦሮሞ። አንድ ሰው ይተርጉመው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ትርጉሙን ብቻ አይቶ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች የማይገጥሙበት ጥያቄ መታረም አለበት። ከዚያ ናሙናሽ ውስጥ በሌለ አንድ ትምህርት ቤት 20 ለሚሆኑ መምህራን ሞክሪው። አልፋው (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መግጠማቸውን የሚለካው ቁጥር) ከ0.70 በታች ከወረደ መጀመሪያ አሉታዊ ሆነው የተጻፉትን ጥያቄዎች እዪ። «ርዕሰ መምህሩ አያማክረንም» የሚለው ላይ 5 የመረጠ ሰው፣ «ያማክረናል» የሚለው ላይ 1 እንደመረጠ ሆኖ መገልበጥ ነበረበት። ሳይገለበጥ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ጥሩ መጠይቅ ራሱ ይበላሻል፤ ሰውም ጥያቄውን ሲሰርዝ ይውላል።

የትብብር ደብዳቤውን ከትምህርት ክፍሉ ወደ ቢሮው፣ ከቢሮው ወደ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ነው የምታወርጂው። በሁለቱም አስተዳደር የምትሠሪ ከሆነ ሁለት ደብዳቤ። ሚያዝያ ላይ አትጀምሪ፤ ሰኔ ፈተና ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ መምህር የለም። መረጃ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሰበሰባል።

መምህርት ከካራ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ማይነሩን ተውኩት፤ ትምህርት አመራር በቅዳሜና እሁድ ካገኘሁ 6 ኪሎ። የሰው ሀብቱን ደብዳቤ በዚህ ሳምንት አስገባለሁ። ሰነዱን ግን ማንም አልነገረኝም። በእጄ ያለው ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪ የሚሰጥ የውጤት ቅጂ) ነው፤ ይበቃል? የኮስት ሼሪንጉ፣ የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት ዕዳው፣ ነገርም አልተዘጋም።

ዕቅድና በጀት

ለማመልከት ሊቀበሉሽ ይችላሉ፣ ለመመዝገብ ግን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይጠየቃል። እሱን ደግሞ አንቺ አትይዢውም፤ ከተመረቅሽበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ ወደሚቀበልሽ ነው የሚላከው። ፖስታው ከተከፈተ ዋጋ የለውም። ሬጅስትራሩ ግን ኮስት ሼሪንጉ ሳይዘጋ ኦሪጅናል ዲግሪም ኦፊሻልም አይለቅም። አንቺ መምህርት ስለሆንሽ ዕዳው በገንዘብ ወይስ በአገልግሎት እንዲወራረድ የተዋዋልሽው የሚለውን የፈረምሽው ውል ላይ እዪ። በአገልግሎት ከሆነ፣ ከተመደብሽበት ቀን ጀምሮ ያለማቋረጥ እንዳገለገልሽ የሚገልጽ ደብዳቤ ከጽሕፈት ቤቱ ያስፈልግሻል። በገንዘብ ከሆነ ከደመወዝሽ ሲቆረጥ የነበረው ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ማስረጃ። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው፣ ከደመወዝ ተቆርጦ በስምሽ ሳይመዘገብ መቅረቱ ነው፤ የወር ፔሮል ቅጂ ያዢ። ይሄ ብቻውን ወራት ሊወስድ ስለሚችል ጋት ከመመዝገብሽም በፊት ጀምሪው።

ሱፐርቫይዘር ነኝ

አንድ ልጨምር፤ ስምዎን ያስተያዩት። ዲግሪው ላይ፣ መታወቂያው ላይና የጋት ምዝገባው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው አንድ መሆን አለበት። ጸሐይ በአንዱ በቲ ኤስ፣ በሌላው በቲ ኤስ ኢ ከተጻፈ ሲስተሙ ሁለት ሰው ነው የሚያየው። የሚያስተካክሉት ምዝገባውን ነው፣ ዲግሪውን ለማስለወጥ አይሞክሩ። ሲመዘገቡ ዲግሪውን አጠገብዎ አስቀምጠው ፊደል በፊደል ይቅዱት፣ የአያት ስምም ጭምር።